የውኃ አባቱ ተራ

አንድ የውኃ አባት ነበር፤ ስሙ ባይለየኝ ይባላል። የውኃ አባት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። በበጋ ወራት፣ ሰማዩ ጠብ አልል ሲል፣ ከአንዲት ቀጭን ወንዝ ቦይ ጠልፈው ማሳቸውን የሚያጠጡ ገበሬዎች በዶማ እንዳይፈላለጡ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመርጣሉ። እሱ ውኃውን በተራ ያድላል። ባይለየኝ በሚኖርበት ሸለቆ ዘጠኝ ባለ ቦዮች ስለነበሩ ለእያንዳንዱ ሰው ውኃው በዘጠኝ ቀን አንዴ ይደርሰው ነበር።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በየማለዳው የውኃ አባቱ ከግድቡ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ “ተራው የማነው?” ብሎ ይጣራል። ባለተራው ዶማውን ይዞ “የኔ ነው” ይላል። የውኃ አባቱ ይወርድና ትናንት የተከፈተውን ቦይ ዘግቶ የዛሬውን ይከፍታል። ጭቃውንና ድንጋዩን ከእሱ ዶማ በቀር የማንም ዶማ አይነካውም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ “የኔ ነው” ያላለ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ ያለፈ ተራ ደግሞ ቢለቀስለትም አይመለስም። ባይለየኝም የራሱ ቀን ሲደርስ ራሱ ጠርቶ ራሱ “የኔ ነው” ብሎ ይመልስ ነበርና የመንደሩ ልጆች በዚህ ይስቁበታል።

ባይለየኝ መንፈሳዊ ሰው ነበር። ለማሾፍ አይደለም የምለው። ረቡዕና ዓርብን የማይስት፣ ማኅበሩን የማያስተጓጉል፣ ማተቡን ከአንገቱ የማይለይ፣ ጸሎት ክፈትልን ሲሉት ግን መዝጋቱ የሚቸግረው ሰው ነበር። የመረጡትም ለዚሁ ነው። በተሾመ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መስቀል ስሞ፣ “ወንዙ የእግዜር ነው፣ ተራው የባለቤቱ ነው፤ ለወደደኝም ለጠላኝም በተራው እከፍታለሁ” ብሎ ምሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ መሐላው አልከበደውም ነበር፤ ውኃው ለሁሉም ይበቃ ነበራ።

በሰባተኛው ዓመት ወንዙ ቀጠነ። በዚያው ዓመት ደግሞ የአገሩ ባለጸጋ ግራዝማች ወሰኔ በነባሩ ሸንኮራ አገዳቸው ላይ አዲስ ጨምረው ተከሉ። ስማቸው ወሰኔ ይባል እንጂ ወሰን የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አገዳ እንደምታውቁት ውኃ አይጠግብም፤ በዘጠኝ ቀን አንድ ቀን ለሱ ምኑም አይደል። ከግራዝማች ቀጥሎ ያለው ተራ የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተራ ነበር። ሁለት ልጆችና ሩብ ጥማድ መሬት አላት፤ መሬቱም በግራዝማች ማሳ ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። ግራዝማች ብዙ ጊዜ በአማላጅ ጠይቀዋት እምቢ ብላለች። በዚያ ዓመት በርበሬ ነበር የተከለችው። ችግኙ ሁለት ተራ ካለፈው ይደርቃል፤ በርበሬው ከደረቀ ደግሞ መሬቱን ለግራዝማች ለቅቃ ከነልጆቿ ከሰው ቤት ገብታ ከማገልገል በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህን ግራዝማችም ያውቃሉ፣ ባይለየኝም ያውቃል።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግራዝማች በቅሏቸውን ገታ አድርገው ከባይለየኝ ጎን ጎን ሄዱ። ስለ ጤናው ጠየቁት። ከዚያ እንዲህ አሉት።

“ነገ ከግድቡ ባትሄድስ? ሥራ በዛብህ፣ ከሳህም። ምንም አድርግ አላልኩህም፤ ምንም አታድርግ ነው ያልኩህ።”

ቀጠል አድርገውም ስለ በሬያቸው አነሱ፤ ወፍሯል፣ ለመጪው እርሻ ደህና ይስባል አሉ። ባይለየኝ የአንድ በሬ ጌታ ነበር። ሁልጊዜ የሚያርሰው የሱን በሬ ከግራዝማች በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው። በሬው ለምን እንደተነሳ ለመረዳት ሊቅ መሆን አላስፈለገውም። የነገው ተራ የየሻረግ ነው፤ የዛሬው የግራዝማች ነበር፤ ማንም ካልነካው ውኃው እዚያው አገዳው ውስጥ ሲፈስ ይውላል።

በማግሥቱ ባይለየኝ ከግድቡ ቀረ። የት ሄደ ብትሉ፣ ቤተ ክርስቲያን። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነበርና ከማለዳ ጀምሮ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሲሰግድ ዋለ። እንደዚያን ቀን አጥብቆ ጸልዮ አያውቅም። ሲመለስ በየሻረግ ማሳ በኩል ማለፍ ነበረበት። የሻረግ በደረቀው ቦይ ውስጥ ዶማዋን ተደግፋ ቆማለች። ከማለዳ ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

“የውኃ አባት፣ ዛሬ ሳልሰማህ ቀረሁ መሰለኝ። ጠርተኸኝ ነበር እንዴ?” አለችው።

ጥፋቱን ከጆሮዋ ነበር ያገኘችው። ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሳትሰማ የቀረች፣ በሥርዓቱም ተራዋ ያለፈባት መስሏታል። ባይለየኝ “ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ” አላት።

“እሰይ፤ ለኔም ጸልይልኝ” አለችና ዶማዋን ተሸክማ ሄደች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ባይለየኝ ግራ ገባው። እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እንደሱ ግራ የተጋባ ሰው በአገሩ አልነበረም። ምን በደልኩ ይላል፤ ምንም አላደረግኩም። መልሶ ደግሞ፣ ምንም ስላላደረግሁ አይደለም እንዴ ሆዴን የሚበላኝ ይላል። ሚስቱን አስካለን አማከራት። አስካለ መጀመሪያ ጎመን በጤና አለችው፤ በሬ የሌለው ገበሬ ምን ሊሆን ነው አለች። እራት ሲቀርብ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸውን ስትወልድ የሻረግ ሦስት ቀን ከአጠገቧ እንዳልተለየች ትዝ አላትና እንባዋ መጣ። ባይለየኝ ከሁለቱ የትኛውን እንደመከረችው ሳይለይ ተኛ።

ድፍረት እንዲሰጠው መጸለይ ጀመረ። አሁንም ተደናገረ። ካህናቱ በየጸሎቱ ማሳረጊያ “በድፍረት፣ በስሕተት የሠራነውን ይቅር በለን” ይላሉ። ይቅር በለኝ የሚባልበትን ነገር እንዴት ስጠኝ ብሎ ይለምናል? ስለዚህ ወኔ ስጠኝ አለ። ወኔ ደግሞ የጦርነት ነገር መሰለውና ተወው፤ ልብ ስጠኝ አለ። እግዚአብሔር ከሦስቱ የትኛውን እንደሰማ እንጃ። ባይለየኝ ግን በየማለዳው ደረቱን በመዳፉ እየዳበሰ መጥቶ እንደሆነ ይመረምር ነበር። የሚያገኘው ያንኑ የትናንቱን ድንጉጥ ልብ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ሰማዕታት ቀና ብሎ አየ። አንዱ በእሳት መካከል ቆሞ ፊቱ አልጨፈገገም። “እነሱ ቅዱሳን ናቸው፣ እኔ ተራ ሰው ነኝ” አለና ራሱን አጽናና፤ መጽናናቱም ከጧት እስከ ቀትር እንኳ አልቆየለትም።

በአምስተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ላቀው ሄደ። መምሬ ላቀው ያረጁ ቄስ ናቸው፤ ከወይራው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ባይለየኝ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። የመጣበት ነገር የሚያሳፍር ስለሆነ፣ ሌላ ሰውም እንዳይሰማው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

“መምሬ፣ ድፍረት እንዴት ያለ ነገር ነው? ከየት ይመጣል?”

መምሬ ላቀው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“እሱማ ተራ ነው ልጄ። የመጣ ጊዜ ይመጣል፣ ያልፋልም። አንተ ብቻ ቦይህን ጥረግ።”

ባይለየኝ አዘነ። እኔ እንቅልፍ አጥቼ እዚህ ድረስ ስመጣ ተራ ነገር ነው ይሉኛል? ተራ ከሆነማ በየቤቱ በተገኘ ነበር። ቦይህን ጥረግ ማለትስ ምን ማለት ነው፣ ሥራህን ሥራ፣ አትጨቅጭቀኝ ማለት አይደለም? መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። ሆኖም የንስሐ አባት ትእዛዝ ነውና እያጉረመረመ ቦይ መጥረግ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን የራሱ ተራ ነበር፤ ራሱ ጠርቶ ራሱ መለሰ፣ ልጆቹም ሳቁበት። ማሳውን አጠጥቶ ከሰዓት በኋላና በሰባተኛው ቀን ደለሉን ሲዝቅ፣ ሣሩን ሲነቅል ዋለ። የተቆጣ ሰው ሥራው ፈጣን ነው፤ ቀና ሲል ከየሻረግ ማሳ ጫፍ ደርሶ ነበር። በርበሬው ቅጠሉን ጠቅልሏል። ጠጋ ብሎ በሁለት ጣቱ ነካው፤ አልተሰበረም ገና። ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል።

በስምንተኛው ቀን ለግራዝማች ውኃቸውን ከፈተላቸው፤ የነገውንም እንደ ባለፈው እንደሚጠብቁ አውቆ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ሄደ። በመንገድ ላይ የሚለውን ሁሉ አሰናድቷል። “ጌታዬ፣ ነገ እዘጋዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” ይላል፤ በቃ፣ ይህችው ናት። ግራዝማች ግን በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት፣ ከአጠገባቸው አስቀመጡት፣ የልጆቹን ስም እየጠሩ ጤንነታቸውን ጠየቁት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ባይለየኝ አፉን ሲከፍት የወጣው ቃል “አገዳው እንዴት አምሯል” የሚል ሆነ። ወደ ቤቱ የተመለሰው አምስት ዘንግ አገዳ በትከሻው ተሸክሞ ነው። ልጆቹ እልል አሉ። እሱም አንዷን ቁራጭ ወደ አፉ አስገባ፤ ጣፈጠው። ሲያኝካት ግን የሚመጥጠው የየሻረግን ውኃ እንደሆነ ታወቀውና ሊውጣት አልቻለም፤ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተፋት።

ዘጠነኛው ቀን ነጋ። ባይለየኝ ደረቱን ዳበሰ፤ ምንም የለም። ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ምናልባት በመንገድ ላይ ይመጣልኝ ይሆናል እያለ። በመንገድ ላይም አልመጣም። ጉብታው ላይ ሲደርስ ዶማውን ተደግፎ ቆመ። ግራዝማች በበቅሎ ላይ ሆነው ከሁለት አሽከሮቻቸው ጋር ከግድቡ አጠገብ ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ የሻረግ ዶማዋን ይዛ፣ ዛሬስ ጆሮዬ አያሳፍረኝ ብላ ይመስላል፣ ከወትሮው ቀረብ ብላለች። ሌሎቹ ባለ ቦዮችም ነገሩ ሸቷቸው ከየማሳቸው ብቅ ብቅ ብለዋል። የሚናገር ግን የለም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚል ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል።

“ተራው የማነው?” አለ ባይለየኝ።

“የኔ ነው” አለች የሻረግ።

“የኔ ነው” አሉ ግራዝማችም፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ባይለየኝ የሚያደርገው ጠፋው። ጊዜ ለመግዛት ያህል ሁለተኛ ጠራ፤ ሁለቱም እንደዚያው መለሱ። ሦስተኛ ሊጠራ አፉን ከፈተ። በሸለቆው ውስጥ ሕግ ነውና ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ሌላ ጥሪ የለም። “ተራው የማነው?” አለ። ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ ወደራሱ ጆሮ ሲመጣ፣ በዚህ ቦታ ለስድስት ዓመት ተኩል የጠራው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ሲጠራው ሰማ። ግራዝማችም፣ የሻረግም፣ ሰዉ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። በዚያች ቅጽበት የመምሬ ላቀው ቃል ተገለበጠበት። ድፍረት ተራ ነው። እሱ የሰማው ቀላል፣ እንደ ነገሩ የሆነ ነገር ብሎ ነበር። ለካስ ተራ ነው! እንደ ውኃው፣ ቀን አለው፤ ቀኑ ሳይደርስ አይሰጥህም፣ ቀኑ ሲደርስ “የኔ ነው” ካላልክ ያልፍሃል።

“የኔ ነው” አለ ባይለየኝ።

ሰዎቹ ተያዩ። ግራዝማች ሳቁ፤ “ያንተማ ካለፈ ሦስት ቀን ሆነው፤ ምን ነካህ?” አሉት።

ባይለየኝ ከጉብታው ወረደ። ሲወርድ አዳልጦት በቂጡ ወደቀ። ተነሣና ጭቃ አፍሶ የግራዝማችን ቦይ ዘጋ።

“በሬዬን አላሰብክም” አሉ ግራዝማች፤ አሁን አይስቁም።

“አስቤያለሁ ጌታዬ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩ” አለና የየሻረግን ቦይ ከፈተ።

አሽከሮቹ ጌታቸውን አዩ። ግራዝማች ባለ ቦዮቹን አዩ፤ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ዶማውን አንሥቶ በዝግታ ወደ ግድቡ ሲወርድ፣ ሌሎቹም ሲከተሉት አዩ። የበቅሏቸውን ልጓም አዙረው ሄዱ። ውኃው በተጠረገው ቦይ ውስጥ አንድም ቦታ ሳይገታ ወደ በርበሬው ነጎደ።

የሻረግ ውኃውን እየተከተለች ልትሄድ ስትል ባይለየኝ አስቆማት። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር ይባላል።

“የዚያን ቀን አልጠራሁሽም። ጆሮሽ ደህና ነው፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።”

የሻረግ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። “እኔኮ ደነቆርኩ ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸው ነበር” አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሣችና ውኃዋ ወዳለበት ሮጠች።

ታሪኩ እንዲያምርልኝ ብዬ ሌላ በሬ ከሰማይ አላወርድም። ግራዝማች በሬያቸውን ከለከሉት። ባይለየኝ በዚያ ክረምት ገሚሱን መሬት በዶማ ቆፈረ፣ ገሚሱን ጎረቤት ሲመቸው እየመጣ አረሰለት፣ የቀረውም ጦም አደረ። አስካለ አንዳንድ ቀን ታመሰግነዋለች፣ አንዳንድ ቀን ታኮርፈዋለች። ፍርሃቱም አልለቀቀውም፤ በየዘጠኝ ቀኑ፣ የየሻረግ ተራ ሲደርስ፣ ደረቱን እየዳበሰ ከጉብታው ይወርዳል። ግን ይወርዳል። በርበሬውም ቀላ።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ለዚያው ዓመት ፋሲካ፣ ባይለየኝ መምሬ ላቀውን እንኳን አደረሰዎ ሊል ሄደ። በዚያውም ያንን ቃል ሳልረዳው ቀርቼ አምቼዎት ነበርና ይቅር ይበሉኝ አላቸው፤ ድፍረት ተራ ነው ያሉኝ አሁን ነው የገባኝ አላቸው። መምሬ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ምን አልክ አሉት። ጮክ ብሎ ደገመው።

“ድፍረት? እኔኮ ድርቀት ያልከኝ መስሎኝ ነበር!” አሉ መምሬ ላቀው። “ወንዙ ቀጥኖ የለ፣ የውኃ አባት ነህ፣ ድርቀት አስጨንቆት ነው ብዬ፣ በየዓመቱ የሚመጣ ተራ ነገር ነው፣ ያልፋል፣ ቦይህን ጥረግ አልኩህ።”

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ሽማግሌው መስቀላቸውን አገላበጡ።

“እንግዲያ እኔ ስለ ድርቀት መለስኩ፣ አንተ ስለ ድፍረት ሰማህ። በመካከላችን ሌላ የሚናገር ነበር ማለት ነው” አሉት።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ድፍረት መጀመሪያ ደረታችን ውስጥ እስኪሞላ እንጠብቃለን፤ ከሞላልን በኋላ እውነት ልንናገር፣ የተገፋውን ልንደግፍ፣ ክርስቲያን ልንሆን። ሳይሞላልን ዕድሜ ያልቃል። ውኃው የሚመጣው ቦዩ ከተከፈተ በኋላ ነው እንጂ አስቀድሞ ማሳው ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም። ጸሎትም ቢሆን ከግድቡ የሚያደርሰን እንጂ ከግድቡ የሚሸሽገን አይደለም። ምንም አላደረግኩም የሚለው ቃል ንጹሕነታችንን ሳይሆን ጥፋታችንን የሚናገርበት ቀን አለ። እምነትም የቅዱሳን ብቻ አይደለም፤ የተራ ሰው ነው፣ ተራው የደረሰ ሰው።

ይህን ታሪክ የመንገር ተራ የኔ ነበር፤ ተናገርኩ። እናንተም ነገ ማለዳ ከቤታችሁ ስትወጡ፣ በመሥሪያ ቤትም ይሁን በገበያ፣ ዶማዋን ይዛ በደረቀ ቦይ ውስጥ የቆመች አንዲት የሻረግ አትጠፋም። ያን ጊዜ ተራው የማነው?